24 ሆነኝ፣ ጊዜው አለፈብኝ?

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 24 ዓመትህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታውን የሚመራ ኳስ አከፋፋይ) ሆነህ ትጫወታለህ። አካውንቲንግ ልትመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሃል። ባለፈው ወር አንድ ሰው በቴሌግራም አግኝቶህ «አውሮፓ ክለብ አዘጋጅቼልሃለሁ» አለህ፤ «ለፕሮሰስ» ብሎም ገንዘብ ጠየቀህ። መጨረሻ ላይ የልብህን ጻፍክልኝ፦ «ማኑ ጂኖቢሊ በ21 ዓመቱ ኤን ቢ ኤ መርጦታል። እኔ 24 ሆነኝ። ጊዜው አለፈብኝ መሰለኝ። ትምህርቱን ትቼ ልሂድ?»

ወደ ሰውዬው በኋላ እመለሳለሁ፤ እስከዚያው አንድ ብር እንዳትልክ። መጀመሪያ ስለ ማኑ እናውራ። የእሱን ታሪክ ከመሃሉ ነው የጀመርከው።

ማኑ የባሂያ ብላንካ ልጅ ነው፤ አርጀንቲና ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት። የተወለደው በ1977 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1999 የኤን ቢ ኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ መርጦታል፤ ልክ ነህ። ግን ስንተኛ ሆኖ? 57ኛ። በዚያ ዓመት የተመረጡት በጠቅላላው 58 ናቸው። ያን ጊዜ ማኑ ደቡብ ጣሊያን፣ ሬጆ ካላብሪያ ነበር። ክለቡን ሲቀላቀል ቡድኑ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነው፤ ወደ አንደኛው አብሮ ነው የወጣው። ከተመረጠም በኋላ ጣሊያን ሦስት ዓመት ቆየ። በ2001 ከቦሎኛ ጋር የዩሮሊግን (የአውሮፓ ክለቦች ውድድርን) ዋንጫ አነሳ። ሳን አንቶኒዮ የገባው በ2002 ነው፣ 25 ዓመቱ ላይ። የቀረውን፣ አራቱን የኤን ቢ ኤ ዋንጫና የ2004ቱን የአቴንስ ኦሎምፒክ ወርቅ፣ አንተው ታውቀዋለህ።

ለአንተ ግን ከማኑ ይልቅ በዚያው በ1977 የተወለደ ሌላ አርጀንቲናዊ ይሻልሃል። ፓብሎ ፕሪጂዮኒ ይባላል። እንዳንተው ፖይንት ጋርድ ነው። ኮርዶባ ክፍለ ሀገር ካለች ሪዮ ቴርሴሮ ከተባለች ከተማ ነው የመጣው። ኤን ቢ ኤ የገባው በ2012 በኒው ዮርክ ኒክስ ነው፣ በ35 ዓመቱ። በዚያ ዕድሜ ሊጉን የሚጀምር ተጫዋች ብርቅ ነው።

35 የሚለውን አንብበህ «እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለኝ» ብለህ እንዳትዝናና። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሚዘሉት ነገር አለ። ፕሪጂዮኒ በ22 ዓመቱ ስፔን ነበር። መጀመሪያ ፉየንላብራዳ፣ ቀጥሎ አሊካንቴ፤ ሁለቱም ዋንጫ የሚጠበቅባቸው ክለቦች አይደሉም። በ2003 ቪቶሪያ ወዳለው ባስኮኒያ (ያኔ ታው ሴራሚካ ይባል ነበር) ሲገባ 26 ዓመቱ ነበር። እዚያ ስድስት ዓመት ተጫወተ፤ በ2008 የስፔን ሊግ ዋንጫን አነሱ። ከዚያ ሪያል ማድሪድ፣ ከዚያ እንደገና ባስኮኒያ። የአቴንሱ የወርቅ ቡድን ውስጥ እሱ የለም። በ2008 ቤይጂንግ ላይ ግን ነሐስ አግኝቷል። ኒክስ ሲያስፈርመው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር፣ በሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ። በዓመቱ ግን የሦስት ዓመት ውል ሰጡት።

ስለዚህ በ24 ዓመቱ ፕሪጂዮኒ ምን ነበረው? ዝና አልነበረውም። ሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ደቂቃ ግን ነበረው፣ ከእሱ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር፣ በየሳምንቱ። አንተን የምጠይቅህም ይህንኑ ነው። ባለፈው የውድድር ዓመት ስንት ጨዋታ ተሰለፍክ? በአማካይ ስንት ደቂቃ? ደብዳቤህ ውስጥ ዕድሜህን ሦስት ጊዜ ጽፈሃል፤ ደቂቃህን አንድ ጊዜም አልጻፍክልኝም።

አንድ ነገር ላሳይህ። በኒክስ ጊዜው የተቀረጹ ጨዋታዎችን ፈልገህ ተመልከት። ቡድኑ ነጥብ ያስቆጥራል። ተጋጣሚው ኳሱን አንስቶ ከመስመር ውጭ ሆኖ ሊያስጀምር ነው። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ራሱ ሜዳ ይሮጣል። ፕሪጂዮኒም አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ ይመስላል። አስጀማሪው ዘና ብሎ ኳሷን ሲለቃት ዞር ይልና መሃል ገብቶ ይነጥቃታል። ይህን ደጋግሞ አድርጎታል፣ በ35 እና በ36 ዓመቱ። ፍጥነት አይደለም ያገዘው፤ በዚያ ዕድሜ ከማንም አይፈጥንም። ሌላው ሰው ጨዋታው ያለቀ የሚመስለውን ሁለት ሰከንድ እሱ ይጠብቅ ነበር። ይህን ጠባይ ይዞ ነው የኒክስ ሜዳ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የገባው። የአንተስ እንዲህ ያለው ነገር ምንድን ነው? «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» አትበለኝ፤ ሁሉም ይላል። ከባላጋራህ ቡድን አንዱ «ያ ልጅ እንዲህ ያደርጋል፣ ተጠንቀቁት» የሚለውን ነው የምፈልገው።

አሁን ደስ የማይለውን ክፍል ልንገርህ። አርጀንቲናውያን ያላቸውና አንተ የሌለህ ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ሊግ ነው። ሊዮን ናይኑዴል የሚባል አሰልጣኝ ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ በ1985 ሊጋ ናሲዮናል (ብሔራዊው ሊግ) ተጀመረ። የትናንሽ ከተማ ክለቦች ከቦነስ አይረስ ክለቦች ጋር በደርሶ መልስ መጫወት ጀመሩ። የባሂያ ብላንካና የሪዮ ቴርሴሮ ልጆች አውሮፓ ሳይረግጡ ለጨዋታ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ሆነው አደጉ።

ሁለተኛው ፓስፖርት ነው። የብዙ አርጀንቲናውያን ቅድመ አያቶች ከጣሊያንና ከስፔን የመጡ ናቸው። በዚህ የተነሳ ብዙ ተጫዋቾች የአውሮፓ ዜግነት ያገኛሉ፤ ማኑም የጣሊያን ዜግነት አለው። በየሊጉ የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ ነው። ክለቡ ያችን ጥቂት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ነጥብ ለሚያስቆጥር አሜሪካዊ ነው የሚሰጣት። ጣሊያናዊ ሆኖ የተመዘገበ አርጀንቲናዊ ግን ያችን ቦታ አይነካም።

ይህ ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ስፔን የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካና ከሌሎች አገሮች ጋር በ2000 የፈረመውን የኮቶኑ ስምምነት መሠረት አድርጋ፣ የፈራሚ የአፍሪካ አገሮችን ተጫዋቾች ከዚያ ገደብ ውጭ ስትቆጥር ኖራለች። ኢትዮጵያም ፈራሚ ነበረች፤ ያ ስምምነት ግን አሁን በሌላ ተተክቷል። ደንቡ ግን ከአገር አገር፣ ከዲቪዚዮን ዲቪዚዮን፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ «አውሮፓ» የሚባል መልስ አልቀበልም። የት አገር? ስንተኛ ዲቪዚዮን? በዘንድሮው ደንብ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው በምን ይመዘገባል? የኤጀንትነት ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያስብ ይመልሳል።

እንግዲህ ወደ ሰውዬው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ውል ይዞልኝ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ በትልቁ የተጻፈ ደሞዝ አለው። የክለቡ አድራሻ ግን የለም፤ የፈረመው ሰው ስምም የለም። ልጁ ገንዘቡን ቀድሞ ልኮ ነበር፣ የእናቱን እቁብ። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ፈቃድ የሰጣቸውን ኤጀንቶች ስም ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የሰውዬውን ሙሉ ስም ተቀበልና እዚያ ፈልገው። ኤጀንት የሚከፈለው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ከውሉ ነው፤ ተጫዋቹ ገና ሳይፈርም ከኪሱ አይጠየቅም። ከዚህ ወደዚያ ለመዛወር ደግሞ ከእኛ ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳዩ እውነተኛ ከሆነ በድብቅ የሚያልቅበት መንገድ የለም። «ለክለብህ እንዳትናገር» ካለህ በቂ መልስ ነው።

ውሉ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ሁለት አንቀጽ ፈልግ። አንዱ ጭቅጭቅ ቢነሳ በፊባ በታወቀው የቅርጫት ኳስ የግልግል ፍርድ ቤት ይታያል የሚለው ነው። ደሞዝህን ቢያስቀሩብህ የምትሄድበት እዚያ ነው፤ አንቀጹ ከሌለ ግን አይቀበሉህም። ሌላው ከክለቡ ለመውጣት ምን ያህል ይከፈላል የሚለው ነው። ሌላውን አርጀንቲናዊ ተጫዋች ሉዊስ ስኮላን አስብ። ስፐርስ በ2002 መርጦት ነበር። ባስኮኒያ ውስጥ የነበረው ውል የማስለቀቂያ ክፍያው ከባድ ስለነበር ኤን ቢ ኤ የደረሰው በ2007 ነው፤ ያውም በሂውስተን እንጂ በስፐርስ አይደለም።

ስለ ትምህርቱ ረጅም አልጽፍም። አንድ ሴሚስተር ነው የቀረህ፤ ጨርሰው። እዚህም ላይ ፕሪጂዮኒን ላንሳልህ። መጫወት ያቆመው በ2017 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ባስኮኒያ ዋና አሰልጣኝ አደረገው፤ ሥራው አልሆነለትምና በጥቂት ወራት ለቀቀ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በኤን ቢ ኤ ክለቦች ረዳት አሰልጣኝ ሆነ፤ መጀመሪያ ብሩክሊን፣ ቀጥሎ ሚኒሶታ። በ2022 አርጀንቲናን ይዞ ሬሲፌ ላይ ብራዚልን 75 ለ 73 አሸንፎ የአሜሪካ አህጉር ዋንጫ ወሰደ። ሜዳው በ39 ዓመቱ አብቅቶለት ሁለተኛ ሙያ ከታች ጀመረ። የአንተም ሜዳ አንድ ቀን ያበቃል። ያን ቀን ሒሳብ የሚያውቅ የቅርጫት ኳስ ሰው መሆንህ ይጠቅምሃል፤ ክለቦቻችን እንዲህ ያለ ሰው በጣም ነው የሚፈልጉት።

እስከ ምርቃትህ ያለውን ጊዜ በዚህ ተጠቀምበት። የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎችህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስቀርጽ። ተቆርጦ ሙዚቃ የገባበትን ቪዲዮ አትላክ፤ አሰልጣኞች ኳስ በእጅህ በሌለችበት ጊዜ የምታደርገውን ነው ማየት የሚፈልጉት። የተሰለፍክበትን ደቂቃ፣ ያቀበልከውን ኳስ፣ ያጠፋኸውን ኳስ በደብተር ያዝ። ለአካውንቲንግ ተማሪ ይህ አይከብድም።

ሰውዬውን ደግሞ ዛሬ ማታ በአራት መስመር ጠይቀው፦ ሙሉ ስም፣ የክለቡ ስም፣ አገርና ዲቪዚዮን፣ የውሉ ኮፒ። የሚልክልህን አስተላልፍልኝ። ውል ከላከ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።