«ኬክ» እና «ኬክስ» ዘመዳሞች ናቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎተንበርግ ነው። ልጆቼ ብስኩትን በስዊድንኛ «ሼክስ» ይሉታል፤ ስቶክሆልም ያሉት የአክስታቸው ልጆች ደግሞ «ኬክስ» ይላሉ። ቃሉ ከእኛ «ኬክ» ጋር ዝምድና አለው? የትኛውስ አነጋገር ትክክል ነው?

መልስ፦ ዝምድናው የቅርብ ነው። የሁለቱም ምንጭ የጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቋንቋ የሆነው የጥንቱ ኖርስ ቃል «ካካ» ነው። ስዊድንኛና አይስላንድኛ ዛሬም «ካካ» ይላሉ፤ ኖርዌይኛ «ካከ» ይላል። ዴንማርክኛ ግን በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረውን «ክ» አላልቶ «ካገ» ብሎ ይጽፋል። ስዊድኖች «ባካ» የሚሉትን መጋገር ዴንማርኮች «ባገ» ብለው የሚጽፉትም በዚሁ ሕግ ነው።

እንግሊዞች ቃሉን የወሰዱት ከእነዚህ የሰሜን ሰዎች ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ጽሑፋቸው ውስጥ ይገኛል። የእኛም «ኬክ» በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው። ማብሰል ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ስሕተት ነው።

እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ነው። የእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር «ኬክስ» ወደ ሰሜን ተመልሶ ሲገባ፣ ተቀባዮቹ የብዙ ቁጥር ምልክት የሆነችውን «ስ» የቃሉ አካል አደረጓት። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ብስኩት አንድ ብቻ ቢሆንም በኖርዌይኛ «ሼክስ»፣ በዴንማርክኛ «ኪክስ» ነው። እኛስ «አንድ ጂንስ ሱሪ» ስንል ያቺን «ስ» መች አስተዋልናት? «መላእክት» በግእዝ ብዙ ቁጥር መሆኑ ተዘንግቶ «መላእክቶች» የሚባለውም ከዚህ አይርቅም።

ወደ አነጋገሩ ስመለስ፣ ስዊድንኛ «ክ»ን እንደ «ኢ» እና «ኤ» ባሉ አናባቢዎች ፊት ወደ «ሽ» የቀረበ ድምፅ ያደርጋታል። ልጆችዎ እንግዳውን ቃል ለዚህ ሕግ አስገዝተውታል፤ ስቶክሆልሞች ደግሞ የመጣበትን «ክ» ጠብቀውለታል። ሁለቱም ትክክል ናቸውና ማንም ማንን አያርም። ለልጆችዎ ማስረዳት ከፈለጉ ምሳሌው ቤትዎ አለ፦ ግእዝ ለሴት «ቤትኪ» ሲል አማርኛ «ቤትሽ» ይላል። እዚህም «ክ»ን ወደ «ሽ» የለወጣት ያቺው «ኢ» ናት።

በልደት ቀን የሚቆረሰውን ባለ ክሬም ኬክ ግን ስዊድኖች «ኬክስ» አይሉትም። እሱ «ቶርታ» ነው፤ ከጣሊያንኛ ተነሥቶ በጀርመንኛ በኩል የደረሳቸው ሌላ ቃል።