የታጠበው ጣት ለምን ብዙ አበቀለ?

በትምህርት ቤት ባክቴሪያ ስለማሳደግ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንዱን የአጋር ሳህን (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ ያለበትን ሳህን) ባልታጠበ ጣቴ፣ ሌላውን በታጠበ ጣቴ ነካሁት። የታጠበው ላይ የበለጠ በቀለ። መምህራችን “ተሳስተሻል” አሉኝ። እውነት ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ ያየሽውን እንዳትሰርዢው የኔ ልጅ! እንዳለ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ከዚያ እንዴት እንደታጠብሽ አስታውሺ። በውሃ ብቻ ነበር? በምን አደረቅሽው? እጃችን ላይ ከነካነው ነገር የተጣበቁ እንግዳ ባክቴሪያዎችም፣ ቆዳችንን ቤታቸው ያደረጉም አሉ። ስንታጠብ እንግዶቹ ይሄዳሉ፤ ማሸቱ ግን ነዋሪዎቹን ከቆዳው ስንጥቅ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። እርጥብ ጣትም ከደረቅ ጣት አብልጦ ያስተላልፋል። በቀሚስሽ ጠርገሽው ከሆነ ደግሞ ያበቀልሽው የቀሚስሽን ነው።

አሁን በአራት ሳህን ድገሚው፦ ያልታጠበ ጣት፣ በውሃ ብቻ የታጠበ፣ በሳሙና 20 ሰከንድ ታሽቶ በአየር የደረቀ፣ አራተኛው ማንም ያልነካው። አራተኛው ላይ ከበቀለ ጥፋቱ የሳህኑ እንጂ የእጅሽ አይደለም። ሁለት ጓደኞችሽም ይሞክሩት። ደግሞም ሳህኑ የሚያሳይሽ ብዛትን ነው፤ የትኛው እንደሚያሳምም አይነግርሽም። ስለዚህ ሳሙናውን እንዳትተዪው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። አጋር የለንም። ጄላቲን ይሻላል ድንች?

መልስ፦ ድንች ይሻላል መምህር። ጄላቲን ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያም ይበላዋል። የጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ የሮበርት ኮህ ቤተ ሙከራም በዚሁ ተቸግሮ ነበር። መላውን ያመጣችው እዚያ ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ወጥ ቤቷ ውስጥ ጄሊ የምታረጋበትን፣ ከባሕር አረም የሚወጣውን አጋር ሞክሩት አለች። ስሟ በየክፍሉ ቢጠራ ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ኮህ የተቀቀለ ድንች ቆርጦ ይጠቀም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከአፈር ጋር የሚመጣው የባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛ ባክቴሪያ) ደግሞ በ100 ዲግሪም አይሞትም። ድንቹን አጥበውና ልጠው በፕሬሸር ኩከር ይቀቅሉት። ቢላዋውን በእሳት ላይ አሳልፈው ይቁረጡት፤ ክዳን ባለው ንጹሕ ብርጭቆ ያስቀምጡት። አንዱን ቁራጭ ማንም እንዳይነካው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሳህኑን ቤት ይዞት መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ሊያሳየኝ ይፈልጋል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንዳይከፍተው እህቴ። ያቺ የምታዩዋት አንዲት ነጥብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ክምር ናት፤ ከየት እንደመጡም አይታወቅም። በክዳኑ ላይ በደንብ ይታያል፤ አብራችሁ እዩትና ነገ ወደ ክፍሉ ይመልሰው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከምግብ ጋር አይግባ። ትምህርት ቤቱም ሳህኖቹን ከ25 ዲግሪ በላይ እንዳያሞቅ ይጠይቁልኝ፤ ሰውን የሚያሳምሙት ብዙዎቹ የሰውነታችንን 37 ዲግሪ ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ሲያልቅ የት እንጣለው?

መልስ፦ እንደታሸገ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። መምህሩ ጓንት አድርጎ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ሳህኑንም ክዳኑንም ይድፈቃቸው፤ እስከ ማግስቱ ይደሩ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።