ቺካጎ ላይ ለሁለት ሌሊት ሱባኤ የት ይገባል?

እህቴ፣ «ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ሦስት ቀን እረፍት አለኝ፣ ከቺካጎ ሳልወጣ ሱባኤ የምይዝበት ቦታ አለ? ኦርቶዶክስ ሆኜ የካቶሊክ ገዳም ባድርስ?» ላልሽው፣ አለ። ብሪጅፖርት ሰፈር የቅዱስ መስቀል ገዳም የሚባል የቤኔዲክቲን፣ ማለትም የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ የካቶሊክ መነኮሳት ቦታ አለ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አድሬበታለሁ። ብቻ መጀመሪያ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ገዳም ሲባል ግን ዋልድባን እንዳታስቢ። መነኮሳቱ በ1991 እ.ኤ.አ. የገቡበት የድሮ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው። ከበሩ ወጣ ስትይ መኪና ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ውሻ ነው። የኋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን ስታዲየምም ሩቅ አይደለም፤ በቤዝቦል ወራት የነሱ ተጫዋች ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ አሳልፎ) በመታ ቁጥር ርችት ይተኮሳል፣ አንቺ ደግሞ ዳዊትሽን ይዘሽ ክው ትያለሽ። ጭር ያለ ቦታ ካማረሽ ከከተማ ወጣ ብለሽ ፈልጊ።

እኔን የያዘኝ የጸሎት ሰዓታቸው ነው። ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ ትንሽ አረፍ ሳትዪ ደግሞ ሰዓቱ ደረሰ። ገና ሌሊት ሳለ ነው የሚጀምሩት፤ እንግዳ አይገደድም፣ ግን አንዴ እንኳ ተነሺ፣ የሌሊት ተረኛ ለሆነ ሰው ምን አላት!

ደግሞ አትጠፊም፣ አብዛኛው ዳዊት ነው። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት 150ውን መዝሙር በሳምንት አዳርሱ ይላል፤ እኛስ በየዕለቱ ከፋፍለን አይደል የምንደግመው? ከመኝታ በፊት እሱ የሠራው ጸሎት ውስጥ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» አለ፣ በግዕዙ ዳዊት 90ኛው፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ 91ኛው። በዜማ ቀስ እያሉ ስለሚሉት በሆድሽ በአማርኛ ትደርሺበታለሽ። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋት ወሬ የለም። መነኩሴ አንገቱን ደፍቶ ቢያልፍሽ አኮረፈኝ እንዳትዪ።

ቅዳሴው ላይ ቁሚ፣ ቁርባን ግን የኛ ቤተ ክርስቲያን ስለማትፈቅድ ቦታሽ ላይ ቆዪ፣ ማንም ለምን አይልሽም። ጾም ከሆነ ቀድመሽ አስረድተሽ ንገሪያቸው፤ ካቶሊኮች ዘንድ ዓርብ ከሥጋ መከልከል ነው እንጂ ወተትና እንቁላል ችግር የለውም፣ «ጾመኛ ነኝ» ብቻ ካልሻቸው አይብ ሊቀርብልሽ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ነው። ፕሮግራም የሚያወጣልሽ የለም፣ አይዞሽ የሚልሽም የለም፣ ስልኩ ደግሞ አጠገብሽ ነው። አጥፍተሽ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። የመጽሐፍ ክምርም አትሸከሚ፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ይበቃል። እንቅልፍ ከመጣ ተኚ፣ የሥራው ድካም ሳይወጣ ጸሎቱ አይሆንም።

ስትመዘገቢ «ለሱባኤ ነው» በዪ፤ ቁርስ ጨምሮ የሚያከራዩት ማረፊያም ስላላቸው እዚያ እንዳይመድቡሽ። ምግቡን እንዴት እንደሆነና ስንት እንደሚከፈልም ያኔውኑ ጠይቂ።