የናሚብና የካላሃሪ በረሃዎችን በድንኳን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከጆሃንስበርግ ተነስተን በቦትስዋና በኩል ናሚቢያ ገባን፤ ከ19 ቀን በኋላ በሰላም ተመለስን። አንድ ሃይሉክስ፣ ሁለት ድንኳን፣ አራት ሰው። ለእኔ ሦስተኛ ጉዞዬ ነው። ፎቶዎቹን ያያችሁ ብዙ ጠይቃችኋል፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የግድ ነው?

ለኢቶሻ ብሔራዊ ፓርክና ለናሚቢያ ዋና ዋና መንገዶች የግድ አይደለም። በናሚብ የአሸዋ ክምሮች መሃል ወዳለው ሶሱስፍሌይ ስትሄድም ከፓርኩ መግቢያ፣ ከሴስሪየም በር ጀምሮ 60 ኪሎ ሜትር ያህሉ አስፋልት ነው። የመጨረሻዋ 5 ኪሎ ሜትር ናት አሸዋ፤ እሷን በማመላለሻ መኪና መግባት ይቻላል። ቦትስዋና ውስጥ ሞረሚና ሳቩቲ የሚባሉትን የዱር እንስሳት ቦታዎች ካሰብክ ግን ያለሱ አትሞክረው።

ጥያቄ፦ ከሁሉ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው? አንበሳ?

ጎማ! የናሚቢያ መንገድ አብዛኛው ፒስታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተደለደለ ይመስላል፤ ጠጠሩ ግን እንደ ምላጭ ነው። እኛ ፒስታ ላይ የጎማውን ንፋስ ወደ 1.8 ባር፣ ጥልቅ አሸዋ ላይ ደግሞ እስከ 1.3 እናወርዳለን። አስፋልት ስትደርስ መልሰህ መንፋት ስላለብህ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዝ። ስኮርት ጎማ ሁለት ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ከክሪኩ ስር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ እንዳትረሳ። በመጀመሪያው ጉዟችን አልያዝንም ነበር። መኪናውን ባነሳነው ቁጥር ክሪኩ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። በመጨረሻ ሽንኩርት የምንከትፍበትን ጣውላ አነጠፍነው። መሃሉን ሰነጠቀው፤ ግን ያዘልን። እዚያች ቦታ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመናል፤ አንድም መኪና አላለፈም።

ፍጥነት ከ80 አይለፍ። ፒስታ ላይ በኃይል ፍሬን የያዘ ወይም መሪ የጠመዘዘ ሰው ማንም ሳይነካው ይገለበጣል። ሲመሽ ደግሞ አትንዳ። የካላሃሪው አስፋልት ላይ አህያና ከብት ተኝቶ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ምን በላችሁ?

ሽሮና ድርቆሽ። ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፣ ጋዝ ይቆጥባል። ጥሬ ሥጋ ግን ከሰሜን ናሚቢያ ወደ ደቡብ ይዞ ማለፍ አይቻልም። ለአፍና እግር በሽታ መከላከያ የተዘረጋ ረጅም የከብት አጥር አለ፤ ኬላው ላይ ፍሪጅህን ከፍተው ያያሉ። ቦትስዋናም እንዲሁ ነው። በየደረሳችሁበት ከተማ ግዙ። ውሃ በሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፣ ትርፍ ጀሪካንም ይኑር። ነዳጅ ማደያ ካገኛችሁ ግማሽ ቢኖራችሁም ሙሉ።

ጥያቄ፦ እንስሳ በደንብ የሚታየው የት ነው?

ኢቶሻ፣ ኦካውኩዌዮ ካምፕ። ከድንኳንህ ተነስተህ ትንሽ ብትራመድ፣ ከዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ማዶ፣ ሌሊቱን መብራት የሚበራበት ኩሬ አለ። ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ዝሆኖቹ ሲመጡ አልሰማኋቸውም። ያ ሁሉ አካል ድምፅ የለውም! ድንገት ብርሃኑ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። እነሱ ሲሄዱ አንዲት ጥቁር አውራሪስ ከነልጇ መጣች። ውሃውን ስትመጠው ድምፁ እኛ ጋ ይደርሳል። ግልገሉ እግሯ ስር እየተሽሎከለከ ይጠጣል። ከግንቡ ወዲህ ስንት ሰው ተቀምጦ የሚያወራ አልነበረም።

ለዚህ ነው እንስሳ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ አትባዝኑ የምለው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በሌላ ቦታ ውሃ ስለሚደርቅ ሁሉም ወደ ኩሬዎቹ ይመጣል። አንድ ኩሬ ምረጡ፣ ሞተር አጥፉ፣ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ ያለው ባለ ረጅም ቀንድ የኛው የአዋሹ ሳላ ነው?

የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እዚህ ጌምስቦክ ይሉታል። በአካል ይበልጣል፤ ጭኑ ላይም ጥቁር አለው። ሙቀት ሲበረታ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ይተወዋል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ግን ከአፍንጫው በሚመለስ ቀዝቃዛ ደም አጠገብ አልፎ ይበርዳል። አሸዋ ጫፍ ላይ በቀትር ቆሞ ሲያዩት ለካ ይህን ሁሉ ይዞ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ኢቶሻ ሂጂ እህቴ፣ ካምፖቹ ታጥረዋል። ሞረሚ፣ ሳቩቲና ማዕከላዊ ካላሃሪ አጥር የላቸውም፤ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ብታቆዪው ደስ ይለኛል። እዚያ ከጨለመ በኋላ ከእሳቱ ርቆ መሄድ የለም። ጫማ ውጭ አታሳድሩ፣ ጅብ ይወስደዋል። ብርቱካን ዝሆን ይጠራል፤ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ገንዘብና ወረቀትስ?

የደቡብ አፍሪካው ራንድ ናሚቢያ ውስጥ እንዳለ ይሠራል። ቦትስዋና ፑላ ያስፈልጋል፤ ፑላ ማለት ዝናብ ነው፣ ካላሃሪን ላቋረጠ ሰው ስሙ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ የምትመጡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። መኪና ከተከራያችሁ ድንበር ለመሻገር የአከራዩ የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ በረሃ ነው፤ ወፍራም ልብስ ምን ያደርጋል?

በሐምሌ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ጠዋት ለቡና ውሃ ልቀዳ ስል የጀሪካኑ አፍ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ በማንኪያ ሰብረን ነው ያፈላነው።