ለጠያቂዋ እህታችን፦ ቤት ስለመልቀቅና ስላላለቁ ድርሰቶች

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ሰኔ መጨረሻ የኪራይ ቤትሽን ለቅቀሽ ወደ አንድ ጠባብ ኮንዶሚኒየም እንደምትገቢ፣ በእጅሽም ያላለቀ ልቦለድ፣ ለልጆች የሰበሰብሻቸው ተረቶችና አንድ የቴአትር ክበብ የሚጠብቀው ድርሰት እንዳሉ ገልጸሽ፣ ከተከማቸው ወረቀትና መጽሐፍ ምኑን እንደምትጥዪ፣ ምኑን እንደምትይዢ፣ እስክትገቢ ድረስስ መጻፍ ማቆም ይኖርብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ አውቃለሁና "አንቺ" ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ።

እኔ በ2011 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስዛወር የለቀቅኩት ለአሥራ ሰባት ዓመት ተከራይቼ የኖርኩበትን የከዚራ ቤት ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ የግቢው ዛፍ ጥላው የማይጠገብ ቤት ስለነበረ ወረቀት ማጠራቀም ቀላል ነበር፤ አንዱ ጥግ ሲሞላ ሌላ ጥግ አይጠፋም። ሐረር የጠበቀኝ ግን ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለ ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። የተሰጠኝ ጊዜ አምስት ሳምንት ሲሆን፣ በዚያው ወቅት በየሳምንቱ አንድ ክፍል የማስረክበው የሬዲዮ ድራማ፣ ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች የጀመርኩት ረጅም ልቦለድና ከሐረር አዛውንቶች የሰበሰብኳቸው ተረቶች በእጄ ነበሩ። ከአንቺ ሁኔታ ብዙም አይለይም።

ከአምስቱ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት በከንቱ አጠፋሁ። የጀመርኩት ብዙ ሰው እንደሚጀምረው ከጓዳ ነው፤ ጆሮው የተሰበረውን ድስት፣ እግሩ የወለቀውን ወንበር፣ የማይዞረውን ቬንትሌተር በሁለት ቀን ለይቼ አስወጣሁ። ወረቀቱ ጋ ስደርስ ግን እጄ ታሰረ። አንዱን ክላሰር አነሣለሁ፣ ሦስት ገጽ አነባለሁ፣ "ይህ እንኳ አንድ ቀን ይሠራል" እላለሁ፣ ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ማታ ከቤት የወጣው ወረቀት አንድ ፌስታል እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ነገሩ የገባኝ ያን ምሽት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። እያንዳንዱ ክላሰር አንድ ቀን እጽፈዋለሁ ብዬ ለራሴ የገባሁት ቃል ስለሆነ፣ ወረቀቱን መጣል ድርሰቱን አልጽፈውም ብሎ መቁረጥን ይጠይቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ሳልቆርጥ ወረቀቱ እንዲቆርጥልኝ እጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ካርቶን ከማምጣትሽ በፊት ድርሰቶችሽን ቁጠሪ። ሦስት እንዳሉሽ ጽፈሻል፤ ተቀምጠሽ ብትቆጥሪ ከሦስት እንደሚበልጡ እገምታለሁ። እኔም ሦስት ያልኩት አሥራ አንድ ሆኖ ነው የተገኘው። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ እያንዳንዱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መንገድ ላይ ስሄድ ወይም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ይህን ድርሰት አስቤው አውቃለሁ? የድራማው ቀን የተቆረጠለት ግዴታ ስለሆነ አልጠየቅኩትም። ከቀሩት አሥር ውስጥ አዎ ያሰኙኝ ልቦለዱና ተረቶቹ ብቻ ነበሩ። አራቱ ቢቆዩ የማይበላሹ፣ ለጊዜው ያደሩ ናቸው። የቀሩት አራቱ ግን ሞተው ከርመዋል። ከእነዚህ አንዱ በተማሪነቴ የጀመርኩት ታሪካዊ ቴአትር ሲሆን፣ በአራት የተለያዩ ቅጂዎች አስቀምጬው ከቤት ቤት ይዤው ዞሬያለሁ። ቤቱን ከሞላው ወረቀት ከግማሽ የሚበልጠው የእነዚህ የአራቱ ሙታን ነበር። ከእያንዳንዳቸው አንድ ንጹሕ ቅጂ አስቀርቼ ሌላውን በሁለት ማታ ጨረስኩት። ዘጠኝ ቀን ያልተንቀሳቀሰው ሥራ በሁለት ማታ አለቀ ማለት ነው። (ስለ ቴአትሩ ትንሽ ማዘኔን አልደብቅሽም፤ ግን ያዘንኩት ለድርሰቱ ይሁን ለተማሪነቴ ዘመን እስከ ዛሬ አለየሁትም።)

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ጥፋት ልንገርሽ፤ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነውና። ለልቦለዱ ብዬ የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ካቆመ በኋላ ከጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኞች ጋር ተቀምጬ የጻፍኳቸው ሁለት ሰማያዊ ደብተሮች ነበሩኝ። ከእነሱ አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጽሑፉም የችኮላ እርሳስ ስለሆነ፣ ከሞተው ቴአትር ረቂቅ ጋር ተቀላቅሎ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ። ማዳበሪያውን በሰፈራችን የባቢሌ ለውዝ እየቆላች ለምትሸጥ እናት ለመጠቅለያ ሰጠኋት። ከስድስት ቀን በኋላ ትዝ ብሎኝ ስሮጥ ብሄድ "ልጄ፣ ወረቀቱ ከለውዙ ጋር ሄዷል" አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ከመጽሐፍ መልሼ አገኘዋለሁ። የልቦለዱንም ረቂቅ ቢጠፋ መልሼ እጽፈዋለሁ፣ ምናልባትም አሳምሬ። አንድ አዛውንት ግን ከሽንሌ ጀምረው አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን እየጠሩ በየጣቢያው መንገደኛው ወርዶ ምን ይገዛ እንደነበር፣ የትኛው ጣቢያ ላይ ውኃው ጨው ጨው ይል እንደነበር የነገሩኝ በዚያ ደብተር ውስጥ ነበር፤ እሳቸውም አሁን በሕይወት የሉም። ስለዚህ ለልጆች የሰበሰብሻቸውን ተረቶች በተመለከተ አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ከሰው አፍ የጻፍሽውን የመጀመሪያ ማስታወሻ፣ ምንም ያህል የተጨማለቀ ቢሆን፣ የነጋሪውን ስምና የሰማሽበትን ሰፈር የያዘ ከሆነ አትጣዪው፤ በኮምፒዩተር ገልብጬዋለሁ ብለሽም አትጣዪው። ስንገለብጥ እናሳምራለን፤ ያሳመርነው ነገር ሰውየው ያለው እንዳልሆነ የሚመሰክርብን ያ ቆሻሻ ደብተር ብቻ ነው። የራስሽን ረቂቅ ግን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅጂ፣ ያለ ርኅራኄ ልታስወግጂ ትችያለሽ።

ረቂቅ መጣል እንደ ኃጢአት የሚታያቸው ወዳጆች አሉኝ፤ እኔም ነበርኩ። ሐረር ከገባሁ በኋላ ጀጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ስጎበኝ፣ በእጅ የተጻፉትን ጥንታዊ ቁርአኖች እያየሁ፣ "ይህን ሁሉ የጠበቁ ሰዎች ባሉበት ከተማ እኔ ወረቀቴን ጣልኩ" ብዬ መጀመሪያ አፈርኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከፊቴ ያለው ሁሉ በጥንቃቄ ተገልብጦ፣ ታርሞ፣ በቆዳ የተጠረዘ ነው። የሐረር ጠራዦች ጥረዛ የከተማይቱ ዝና የሆነው የተጠናቀቀውን ሥራ ስለጠበቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚቆየውን አንድ ቅጂ በንጹሕ አትሜ በሲባጎም ቢሆን አስጠርዛለሁ፤ ሌላውን አላቆይም።

ስለ መጻሕፍቱ ብዙ አልልም፤ ሌሎች አባላት ከእኔ በፊት በደንብ መልሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወንድሜ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ትልልቅ የቴሌቪዥን ካርቶኖች አምጥቶልኝ በደስታ ሞላኋቸው፤ ጫኝና አውራጆቹ የመጀመሪያውን ሲያነሡት ታችኛው ተቀደደና መጻሕፍቱ ደረጃው ላይ ፈሰሱ። አምስት መቶ ሉህ የሚይዝ አንድ እሽግ ኤ4 ወረቀት ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ አምስት እሽግ የሚይዘው የፎቶኮፒ ወረቀት ካርቶን ሲሞላ ከአሥራ ሁለት ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው፤ አንድ ሰው ሳይማረር የሚሸከመውም ይኸንኑ ያህል ነው። እነዚህን ትንንሽ ካርቶኖች ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ከፎቶኮፒ ቤቶች ለምኚ፤ አብዛኞቹ በነጻ ይሰጣሉ።

ከማንም ጋር የተፈራረምሽው ውል፣ ከማተሚያ ቤት የተቀበልሽው ደረሰኝና የክፍያ ደብዳቤ ካለ ለብቻው በአንድ ፖስታ ይሁን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ ያ ፖስታ ከአንቺ አልፎ ለልጆችሽም የሚሆን ነው። ደረሰኙ በሙቀት የሚታተም ዓይነት ከሆነ በድሬ አየር ቶሎ ስለሚነጣ ፎቶኮፒ አስነሺለት።

መጻፍ ላቁም ወይ ላልሽው፣ አታቁሚ፤ ግን ሦስቱንም ይዤ እቀጥላለሁ አትበዪ። እኔ ቀን የተቆረጠለትን ድራማ ብቻ ይዤ ሌሎቹን ዘጋሁ። ለሬዲዮው ክፍል ኃላፊ ገና ከአንድ ወር በፊት ነግሬ ነበር፤ "ችግር የለም" ተባልኩ፤ ዕቃዬ መኪና ላይ እያለ ግን "የዛሬው ክፍል የት አለ?" የሚል ስልክ ተደወለልኝ። በቃል መናገር ስለማይበቃ የቴአትር ክበቡን በጽሑፍ አሳውቂ፤ ከዚያም በላይ ከመዛወርሽ በፊት ቢያንስ የሁለት ሳምንት ሥራ አስቀድመሽ ጨርሺ። የምጽፈው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ አርባ ደቂቃ ያህል ነበር። በድሬ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከቀትር በኋላ ማንም ሰው ጠቃሚ ነገር ሲሠራ ስላላየሁ፣ ያን ሰዓት ለእረፍት፣ ማታውን ለማሸግ ሰጠሁት።

የሚዘጉትን ድርሰቶች ዝም ብለሽ አትዝጊ። ረቂቁን ፖስታ ውስጥ ስትከቺ ከላይ አንድ ገጽ ጻፊበት፦ የት እንዳቆምሽ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ምን እንደሆነ፣ ማን ለማን ምን ሊል እንደነበር። ለተረቶቹ ይህን በደንብ ስላደረግኩ ከአራት ወር በኋላ ፖስታውን ከፍቼ በዚያው ቀን ሥራ ጀመርኩ። ልቦለዱ ላይ ግን ደክሞኝ ስለነበረ "ምዕራፍ ሰባት ይቀጥላል" ብቻ ብዬ ዘጋሁት፤ ምን እንደሚቀጥል እስካስታውስ አንድ ክረምት ሙሉ ወሰደብኝ፤ ያስታወስኩትም መጀመሪያ ያሰብኩት አይመስለኝም።

በስልክ ፎቶ አንሥቼ ዋናውን እጥላለሁ ያልሽውን በጥንቃቄ አድርጊው። እኔ ወደ ሦስት መቶ ገጽ በማታ አምፖል ሥር አንሥቼ ሲሶው ያህሉ የራሴ እጅ ጥላ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሺ፤ ዋናውን ከመጣልሽ በፊትም ፎቶውን አስፍተሽ አንብቢ። ቅጂው ከስልክሽ ሌላ በፍላሽና ከአንቺ ጋር በማይኖር ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

የምትዛወሪው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነውና ወረቀት መሬት ላይ አታሳድሪ፤ በአሮጌውም ቤት በአዲሱም። የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ያየ የድሬ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። እኔ ያንን ስለማልረሳ ካርቶኖቹን ሁሉ በጣውላ ላይ ደርድሬ ነበር፤ ሆኖም አይሱዙው የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ዝናብ ያዘን፤ ሸራው አጭር ስለነበረ ከኋላ በኩል ያሉት ሁለት የመዝገበ ቃላት ካርቶኖች ራሱ። ፖስታዎቹ፣ የተረፈው ሰማያዊ ደብተርና ላፕቶፑ ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም። በአዲሱ ቤት መጀመሪያ የዘረጋሁት ጠረጴዛውን ነው፤ አልጋው በማግስቱ ተገጠመ።

እንግዲህ የአንቺን በተመለከተ፣ ክበቡ ቀን ቆርጦ ከሆነ የምትይዢው ቴአትሩን ነው፤ ልቦለዱ ከላዩ አንድ ገጽ ተጽፎበት ፖስታ ይግባ፤ የተረቶቹ ደብተሮች ደግሞ በእጅ ቦርሳሽ ይጓዙ። ቀን ካልቆረጠ ግን ተመልሰሽ ጻፊልን፤ ምክሬ ሊለወጥ ይችላል። በነገራችን ላይ ከዚያ ጊዜ የተረፉ አሥራ አራት ባዶ የፎቶኮፒ ካርቶኖች አጣጥፌ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጫለሁ፤ እነሱንም መጣል አቅቶኝ ነው። ወደ ሐረር የምትመጪበት ምክንያት ካገኘሽ ውሰጂያቸው።