ከባድ ጌም በአነስተኛ ኮንሶል፦ ጠይቁኝ

ለፕሌስቴሽን 4 የተሠራ ጌም አቅሙ ደከም ባለ ኮንሶል ላይ እንዴት እንደሚገባ ጠይቃችሁኛል። ዋና ምሳሌዬ በ2019 ኔንቴንዶ ስዊች ላይ የወጣው ዊቸር 3 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለው?

እሱማ ቀላሉ ነው። ዊቸር 3 ስዊች ላይ ሪዞሉሽኑ (የምስሉ ጥራት) ከቲቪ ጋር ሲገናኝ ቢበዛ 720ፒ፣ በእጅ ሲያዝ 540ፒ ነው፤ ትዕይንቱ ሲከብድ ከዚያም ይወርዳል። ሣሩን ታሳሳለህ፣ ጥላውን ታደበዝዛለህ፣ ተጫዋቹ ትንሽ አጉረምርሞ ይለምደዋል።

የሚያስለቅሰው ሜሞሪው ነው፣ ጌሙ እየሠራ ያለውን ነገር የሚያስቀምጥበት ጓዳ። ፕሌስቴሽን 4 ስምንት ጊጋባይት አለው፤ ስዊች ግን አራት ብቻ፣ ከዚያም ላይ ሲስተሙ ድርሻውን ያነሳል። ፍጥነቱ ደግሞ በሰከንድ 176 ጊጋባይት የነበረው ወደ 25.6 ይወርዳል። ጓዳው ጠበበ ስትል በሩም ጠባብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከተማ ውስጥ በፈረስ ስትጋልብ ጌሙ ከፊትህ ያለውን ሰፈር እየጫነ ከኋላህ ያለውን ይጥላል፤ በሩ ከጠበበ ቤቱ ሳይደርስ አንተ ትደርሳለህ። ሜሞሪው ጭራሽ ከሞላ ደግሞ መንቀራፈፍ የለም፣ ጌሙ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ዱም ግን ስዊች ላይ ጥሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?

ጥሩ ነው፣ ግን መውጫ ቀዳዳ ነበረው። የ2016ቱ ዱም ፕሌስቴሽን 4 ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነበር፤ ፓኒክ በተን የተባለው ኩባንያ በ2017 ወደ ስዊች ሲያመጣው 30 አደረገው። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም ከነበረው 16.7 ሚሊሰከንድ ወደ 33.3 አገኘ ማለት ነው። ዊቸር 3 ግን ፕሌስቴሽን 4 ላይም 30 ነበር። ምኑን ለሁለት ትከፍለዋለህ? ሪዞሉሽን መቀነስም ፕሮሰሰሩን አያግዘውም፤ ገበያ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ምስሉ ቢደበዝዝም ስሌቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ነገር አንድ ካርትሪጅ (ጌሙ የሚሸጥበት ካርድ) ላይ እንዴት በቃ?

ሁለቱ ትልልቅ ተጨማሪ ታሪኮች ጭምር 32 ጊጋባይት ላይ ገብተዋል። ግን እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ሁለት ሲዲ የነበረው ረዚደንት ኢቭል 2 በ1999 ኔንቴንዶ 64 ላይ 64 ሜጋባይት ካርትሪጅ ውስጥ ገባ፣ ያውም ከነቪዲዮዎቹ! ቪዲዮው በጣም ተጨምቋል፤ ቢሆንም አለ።

ጥያቄ፦ በክላውድ ቢያደርጉትስ?

ኮንትሮል የተባለው ጌም ስዊች ላይ እንዲያ ነው የመጣው። ጌሙ ሩቅ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ላንቺ ቪዲዮው ብቻ ይደርስሻል። በተን ስትጫኚ ትእዛዙ እዚያ ደርሶ ነው ምስሉ የሚመለሰው። ኔትወርኩ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ከሆነ ገንዘብሽን ያዢ።

ጥያቄ፦ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ አዲስ አይደል? እሱ ምን ሆነ?

ያው ሜሞሪ ነዋ፦ ታላቅ ወንድሙ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት አለው፣ ኤስ ግን 10። ባልደርስ ጌት 3 በ2023 ኤክስቦክስ ላይ ሲወጣ ኤስ ላይ ሁለት ሰው ስክሪን ተካፍሎ መጫወት አይችልም ነበር። ሁለት ሰው ሁለት ቦታ ቆመ ማለት ሁለት ሰፈር ባንዴ መጫን ነው። በ2025 ኤፕሪል ነው የተጨመረለት።

ጥያቄ፦ በቃ ቁርጡን ንገረኝ፣ ዊቸርን ለስዊች ልግዛ?

ቲቪ ላይ ልትጫወት ከሆነ ተወው። አልጋ ላይ ተጋድመህ በእጅህ ከሆነ ግዛው፤ በትንሿ ስክሪን ብዥታው ብዙም አይታይም።