ከመኳንንቱ ግድግዳ ወደ ባለሀብቱ አዳራሽ፦ ስለ ሥዕል ነጋዴው ዱቪን ጥያቄና መልስ

ለንደን ውስጥ በአንድ የሥዕል ንግድ ቤት መዝገብ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ አንድ ሥዕል ከማን እጅ ወጥቶ ማን እጅ እንደገባ መከታተል ነበር። ሰሞኑን የጆሴፍ ዱቪንን ስም ባነሳ ጥያቄው ስለበዛ፣ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ዱቪን ማን ነበር?

በ1869 ሀል በተባለችው የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ፤ በ1939 ለንደን ውስጥ ሞተ። ቤተሰቡ ለንደን፣ ፓሪስና ኒውዮርክ ውስጥ መደብር ነበረው። ፍሪክ፣ ሀንቲንግተን፣ ሜለን፣ አልትማን የመሳሰሉ የአሜሪካ ከበርቴዎች ደንበኞቹ ነበሩ። በአንድ በኩል የአውሮፓ መኳንንት የቆየ ሥዕል ይዘው ገንዘብ ቸገራቸው፤ በሌላ በኩል አሜሪካኖቹ በባቡር ሐዲድ፣ በብረትና በባንክ ሥራ ገንዘብ አካብተው ግድግዳቸው ባዶ ነበር። ዱቪን የኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

መኳንንቱ ምን ነክቷቸው ነው የአያት የቅድመ አያታቸውን ሥዕል የሸጡት?

ነገሩ የተጀመረው ከስንዴ ነው። ከ1870ዎቹ ወዲህ ርካሽ የአሜሪካ እህል በባቡርና በእንፋሎት መርከብ እንግሊዝ ሲገባ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ለባለርስቱ የሚከፍለው ኪራይም አብሮ ወረደ። ቤቱ፣ አገልጋዩ፣ ጣራው ግን ወጪው ያው ነው። በዚያ ላይ ብዙው ንብረት በውርስ ሕግ ታስሮ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ ስለነበር ወራሹ እንደፈለገ መሸጥ አይችልም ነበር። በ1882 የወጣው ሕግ ይህን ማሰሪያ ፈታው፤ ወራሹ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሥዕሉን መሸጥ ቻለ። በ1894 አዲስ የውርስ ግብር መጣ፤ መጀመሪያ ከፍተኛው ከመቶ 8 ነበር፣ በ1919 ለትልልቆቹ ሀብቶች ከመቶ 40 ደረሰ። አባት ሲሞት ልጅ ከሐዘኑ ጋር የግብር ደብዳቤ ይቀበላል ማለት ነው።

አሜሪካም በበኩሏ በ1909 በቆዩ የጥበብ ሥራዎች ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሳች። በሩ ከሁለቱም ወገን ተከፈተ።

ማን እንደተቸገረ በምን ያውቅ ነበር?

በጆሮ ነው። ለእልፍኝ አስከልካዮችና ለቤት አሽከሮች ጉርሻ እየሰጠ ወሬ ያስለቅም እንደነበር ይነገርለታል። ከዚህ በላይ የሚሠራለት ግን ዝምታው ነበር። መኮንን ሰው ሥዕል ሸጠ ተብሎ በጋዜጣ መውጣቱ ውርደት ነው፤ ጨረታ ደግሞ አደባባይ ነው። ነጋዴው የሚመጣው በጓሮ በር ነው፤ ዋጋው ከባለቤቱ፣ ከጠበቃውና ከእሱ ውጭ አይወጣም። በመዝገብ ክፍሉ ያገላበጥኳቸው የድሮ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሥዕሉ ጥቂት ብለው ስለ ምስጢሩ ብዙ ይላሉ።

ስለ ሰማያዊው ልጅ ሥዕል ቢነግሩን?

ይህን ሳልጠየቅም ላወራው ነበር። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጌንስቦሮ በ1770 ገደማ የሣለው፣ ሰማያዊ ሐር የለበሰ ልጅ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በግሮቭነር ቤተሰብ፣ ማለትም በዌስትሚንስተር መስፍኖች ቤት ተሰቅሎ ኖሯል። ሄንሪ ሀንቲንግተንና ባለቤቱ አራቤላ አትላንቲክን ሲሻገሩ፣ በመርከቡ ክፍላቸው የተሰቀለውን ቅጂ አይተው ዱቪንን እንደጠየቁት ይተረካል። ትረካው እውነት ሆነም አልሆነ፣ በ1921 ዱቪን ከመስፍኑ ዘንድ ገዝቶ በ728,000 ዶላር ለሀንቲንግተን ሸጠው። በጊዜው ለሥዕል እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ነበር። ሬይኖልድስ የሣላት የተዋናይቷ የሚስስ ሲደንስ ሥዕልም ከዚያው ቤት አብራ ወጣች።

ከመሄዱ በፊት በጥር 1922 ለሦስት ሳምንት በለንደኑ የሥዕል ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። 90,000 ሰው ለስንብት መጣ። እስቲ አስቡት፤ አብዛኛው የመስፍኑን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። የጋለሪው ዳይሬክተር በሥዕሉ ጀርባ «ደህና ሁን፣ እስክንገናኝ» የሚል ቃል በፈረንሳይኛ ጻፈበት። ሥዕሉም ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ጥር 25 ቀን 2022፣ በውሰት ተመልሶ እዚያው ጋለሪ ተሰቀለ። ቤቱ አሁንም ካሊፎርኒያ ነው። በሥራ ዘመኔ የሥዕል ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ብዙ አናግሮኛል፤ ይህኛው ግን ያስለቅሳል።

ሳይሄድ የቀረስ አለ?

አለ። ሆልባይን የሣላት የሚላኗ መስፍንት የክርስቲና ሥዕል የኖርፎክ መስፍን ንብረት ነበረች፤ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ በውሰት 30 ዓመት ያህል ከተሰቀለች በኋላ በ1909 ሸጧት። ለማስቀረት 72,000 ፓውንድ ያስፈልግ ነበር። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ስሟን መግለጽ ያልፈለገች አንዲት ሴት 40,000 ሰጠች። ክርስቲና ዛሬም ለንደን ናት።

ዱቪን የሚለው ሁሉ እውነት ነበር?

አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጣሊያን ሥዕሎቹን የሚያረጋግጥለት ታላቁ ሊቅ በርናርድ ቤረንሰን ከ1912 ጀምሮ በምስጢር ውል ከትርፉ ይካፈል ነበር። ገዢው «ሊቁ መሰከረ» ብሎ ይከፍላል፤ ሊቁ ግን ከሽያጩ ድርሻ አለው። በሌላ በኩል በ1920 አንዲት የካንሳስ ሲቲ ሴት የያዘችውን ሥዕል ሳያይ «የዳ ቪንቺ አይደለም፣ ቅጂ ነው» ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ከሰሰችው፤ በ1929 ዳኞቹ መስማማት አቃታቸው፤ በመጨረሻ 60,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ። ስለ ሥዕሉ የተናገረው ትክክል ሊሆን ይችላል። ሳያዩ በሰው ንብረት ላይ መፍረድ ግን ነውር ነው።

ዛሬስ እንዲህ ያለ ንግድ አለ?

አለ፤ አሁን ግን መንግሥት በመካከል አለ። ብሪታንያ ለአገር ትልቅ ዋጋ ያለው ሥዕል ሲወጣ የመውጫ ፈቃዱን ለጊዜው ታዘገያለች፤ ሙዚየም ገንዘብ ካገኘ ይገዛዋል። ከካስል ሀዋርድ ቤተ መንግሥት ወጥቶ የተሸጠው የሬይኖልድስ «ኦማይ» የተባለ ሥዕል በ2023 የለንደኑ የቁም ሥዕል ጋለሪና የአሜሪካው ጌቲ ሙዚየም በ50 ሚሊዮን ፓውንድ በጋራ ገዝተውት ቀርቷል።

የእኛስ ሥዕል እንዲህ ተሸጦ ያውቃል?

የእኛው አወጣጥ ሽያጭ አልነበረም፤ ዘረፋ ነበር። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል በ1868 ከመቅደላ ተወሰደ። የወሰደው ከጦሩ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ነው፤ ለሙዚየሙም ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። እሱ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ኋላም ፖርቱጋል ገብቶ በግለሰብ እጅ ቀረ። ከመጀመሪያው ሻጭ ፊርማ የሌለበት የባለቤትነት ታሪክ ይሄ ነው።

አያቴ ቤት የቆየ የእመቤታችን የገበታ ሥዕል አለ። አንድ ሰው «ለውጭ አገር ሰብሳቢ ነው፣ ለማንም አትንገሪ፣ እስከ ዓርብ ወስኚ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አትሽጪለት። «ለማንም አትንገሪ» እና «እስከ ዓርብ» ሲደመሩ ነጋዴው ከአንቺ የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በግል እጅ ያለም መመዝገብ አለበት። ሥዕሉን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሺው፤ ጽሑፍ ካለበት እንዳትጠርጊው፤ አያትሽ ከማን እንዳገኙት ዛሬውኑ ጠይቀሽ ጻፊ። ከዚያ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሄደሽ አስመዝግቢው። ሰውየው ዓርብ ከመጣ የምዝገባውን ወረቀት አሳዪው።